ለሮቤና ለጎባ ወጣት ወላጆች

ልጆቼ፣ አረሙ ከስንዴው ሳይበልጥ፣ ኮምባይነሩም ከማሳው ሳይደርስ አንድ ነገር ልበላችሁ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። እኔ ግን መከራ እስኪመክራችሁ ዝም ብዬ ለማየት አንጀቴ አይችልም። ነገሬ ስለ ትንንሾቹ ልጆቻችሁና ስለያዝነው የመፀው ወራት ነው።

በሌላው አገር መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፣ አደይ አበባ ይፈነዳል፣ ገበሬውም የአጨዳውን ቀን መቁጠር ይጀምራል። የባሌ ደጋ ግን የራሱ ጠባይ አለው። እዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታረሳል፤ የበልጉን «ጋና»፣ የመኸሩን «ቦና» እንለዋለን። የቦናው ስንዴና ገብስ ክረምት ላይ ተዘርቶ መስከረም ሲገባ ገና ለጋ ነው። ዝናቡም ጥቅምትን እየነካ ይመላለሳል። ከዚያ በኋላ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ይሆናል። አጨዳው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። በዚህ መሀል አባት አረም ላይ ነው፤ እናት ቢሮ ወይም ገበያ፣ አለዚያም እሷም አረም ላይ ናት። ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ የደብተሩና የቦርሳው ዱቤ ገና አልተዘጋም፤ በዓሉም በላይ በላዩ ይመጣል። በዚህ ሁሉ ጥድፊያ ትንሹ ልጅ ከወላጁ አፍ አዘውትሮ የሚሰማው ሁለት ቃል ነው፤ «ቶሎ በል!» እና «ዞር በል!»።

ምክሬ እነዚህን ሁለት ቃላት እንድትቀንሱ ነው። ልጁን ከሥራችሁ አታባርሩት፤ አስጠጉት። ደግሞም ብቻችሁን አታሳድጉት።

ከጠዋቱ ልጀምር። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎባ ደግሞ ወደ ተራራው ተጠግታ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ኅዳር ላይ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ደጃፍ ብትወጡ ሣሩ ነጭ ለብሶ ታገኙታላችሁ። በዚህ ብርድ የአራት ዓመቷ ልጅ ቦቲዋን ራሷ ልታደርግ ደፍ ላይ ትቀመጣለች። የቀኙን በግራ እግሯ ታስገባለች፤ ታወጣለች፤ ካልሲው ተረከዟ ላይ ይጠመዘዝባታል፤ እንደገና ትጀምራለች። ምላሷን በከንፈሯ ዳር አውጥታ ትታገላለች። ውጭ ባጃጁ ጥሩንባ ይነፋል። እናት ትዕግሥቷ ያልቅና ነጥቃ ራሷ ታጠልቅላታለች። ልጅቷ ታለቅሳለች። እንባው ሲጠረግ፣ ቦርሳው ሲረሳ፣ ለቦርሳው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ሊቆጥቡት ያሰቡት ጊዜ በእጥፍ ይሄዳል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉን አባቶች እንዲህ ያለውን ጠዋት ያውቁታል።

የጠዋቱ ሥራ ከማታ ይጀመር። ልብሱን ማታ ልጁ ራሱ መርጦ ወንበር ላይ ያስቀምጥ። ጠዋት የሚመርጠው ከሌለው የሚጨቃጨቅበትም የለውም። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ተነሡ፤ ያ ግማሽ ሰዓት የእሱ ነው፤ ቁልፉን ይቆልፍበት፣ ቦቲውን ይታገልበት። ሆዱን ደግሞ ሳታሞቁ አትላኩት፤ የገብስ ገንፎ፣ አጥሚት፣ ትኩስ ወተት፣ ቤት ያፈራውን ስጡት። አንድ ወፍራም ነገር ከማልበስ ስስ ስሱን ደራርባችሁ አልብሱት፤ የባሌ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ሌላ ፀሐይ ነውና ሹራቡን አውልቆ ቦርሳው ውስጥ መክተትን አስተምሩት። ፊቱንና ከንፈሩን ሳይወጣ ቅባት ቀቡት። የእኛ ደረቅ ንፋስ የሕፃን ጉንጭ ይሰነጥቃል፤ በምሳ ሰዓት የሚያለቅሰውም ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለ ራት ከሆነ እውነት ነው። እኔ ግን ያቡካ እላለሁ። ለራት የሚበቃውን እናንተ አቡኩ፤ ከሊጡ ቆንጥራችሁ ለእሱ ስጡት። በዱቄት ይጨማለቅ፤ ዱቄት ይታጠባል። ጭኮ ልታዘጋጁ ገብሱን ሰፌድ ላይ ስታፈስሱ ከጎናችሁ አስቀምጡትና ጠጠር ይልቀም። የልጅ ዓይን ከእኛ ዓይን ይሰላል፤ እናንተ ያለፋችሁትን ጠጠር እሱ ያገኘዋል፤ ያገኘ ዕለት ደግሞ የሚሰማውን ኩራት ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተሸክሽኮ፣ ተፈጭቶ ንጥር ቅቤው ሲገባበት ትንሽ ይታሽ፤ የመጀመሪያዋን ቁራሽ ጠፍጥፎ በሣህን ይዞ ለአያቱ ወይም ለጎረቤት ይውሰድ። «የወለዱትን ሲስሙለት፣ የደገሱትን ሲበሉለት» ደስ የሚለው ወላጁን ብቻ አይደለም። ልጅም የሠራው ሲበላለት ደስ ይለዋል። ሁለተኛ ቀን ሳትጠሩት ሰፌዱን ራሱ ያመጣላችኋል።

ማሳ ላይም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ወራት በሲናናም በአጋርፋም ገበሬው የሚታገለው ከሙጃና ከሲናር ጋር ነው። ሲናር ለጋ ሳለ ከስንዴው ጋር መንታ ይመስላል፤ ጎልማሳውን ሳይቀር ያሳስታል። አንዲት የሲናና አያት የልጃቸውን ልጅ እንዴት እንደሚያስተምሩት አይቼ በጣም ወድጄላቸዋለሁ። እርጥቡ መሬት ላይ አጠገባቸው አንበረከኩትና ቅጠሉ ግንዱን የሚያቅፍበትን ቦታ በጥፍራቸው ከፍተው አሳዩት። ስንዴ እዚያች ላይ ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ ያለች ትንሽ ነገር አለችው፤ ሲናር የለውም። ልጁ እያንዳንዷን ቡቃያ ጎንበስ ብሎ እያየ «ጆሮ አለው! ጆሮ የለውም!» እያለ ከትልም ትልም ሄደ። ጥቂት ስንዴም ነቅሏል፤ አያቱ አልተቆጡትም፤ የነቀለውን እንደገና ከፍተው አሳዩት እንጂ። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል»፤ ይህ ልጅ ትምህርት ቤት ስለ ዕፅዋት ሲማር ከመጽሐፉ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለው።

ነገር ግን ፀረ አረም በሚረጭበት ቀን ልጅ ማሳው ዳር እንኳ አይድረስ። የረጨው ሰው ልብሱን ሳይለውጥና ሳይታጠብ ልጁን አይቀፍ። ባዶውን የመድኃኒት ጄሪካን አጥቦ የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበት ቤት አሁንም አለ፤ እባካችሁ፣ ያ ዕቃ ቢታጠብም ለውሃ አይሆንም። ልጅ ጠርሙስ ካየ ይጠጣል፤ የተጻፈበትን አያነብም። ብሱት፣ ቅደዱት፣ ዳግመኛ ዕቃ እንዳይሆን አድርጉት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክሬ፣ ብቻችሁን አታሳድጉት ወዳልኳችሁ ልምጣ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ሰነቴ ላይ ሲደርስ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ከፍታ ይዞ ከዚያው ይታያል። ይህን የባሌ ተራራ በልጅነታችን ብርድና ጉም ብቻ አድርገን ነበር የምናየው። በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው። እዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው እዚሁ ባሌ ነው። ታዲያ ቀይ ቀበሮ የሚወልደው በዚሁ በመፀው ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ብርዱ በሚበረታበት። ከመንጋው የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እናት ናት፤ የሚያሳድገው ግን መንጋው በሙሉ ነው። ሌሎቹ ጉድጓዱን ይጠብቃሉ፣ አይጥ አድነው ለግልገሎቹ ያመጣሉ፤ አንዳንዴ ሌላዋ ሴት ቀበሮ አብራ ታጠባለች። እናቲቱ ብቻዋን ብትቀር ያ ውርጭ ልጆቿን ይፈጅባት ነበር።

ይህን የማወራው እናንተ ከተማ ገብታችሁ ብቻችሁን ልጅ ማሳደግ እንደ ሙያ ስለ ቆጠራችሁት ነው። ሮቤ በእኔ ዘመን ከነበረችው እጅግ ሰፍታለች። ከሌላ አገር በሥራ መጥታችሁ፣ መደዳ ቤት ተከራይታችሁ፣ የጎረቤታችሁን ስም ሳታውቁ ዓመት የምትደፍኑ አላችሁ። «አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም»። አያት በሕይወት ካሉ ልጁን ውሰዱላቸው። ጎባና ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት፤ ለዚህች መንገድ «ጊዜ አጣሁ» አይባልም። አያት ከሌሉ ግቢው ውስጥ ያሉትን እናት «እትዬ» ብላችሁ ቅረቡ፤ አዛውንቱን «ኦቦ» ብላችሁ ሰላም በሉ። ልጃችሁ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚቆጣውና የሚያቅፈው ሰው ይኑረው። ከጎረቤት ልጅ ጋር እቃ እቃ ሲጫወት ሁለቱንም ቋንቋ ሳታስተምሩት ይዞት ይገባል።

ስለ ቀበሮው ካነሣሁ አይቀር ስለ ውሻችሁ አንድ ቃል ልጨምር። እነዚያን ቀበሮዎች ደጋግሞ የፈጃቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሰውንም ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ልጆች የሚጫወቱበትን ውሻ በየጊዜው አስከትቡ። ውሻ ልጅን ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡት፤ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ትንሽ ጭረት ነው ብላችሁ አትለፉት። ልጅም ተቆጥተው ይመቱኛል ብሎ ንክሻውን እንዳይደብቃችሁ፣ ጥፋቱን ሲናገር ፊታችሁ አይጥቆር።

በዓሉን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የመስቀል ደመራና የኢሬቻ ለምለም ሣር ልጅን ራሱ ይጠራዋል። ሆኖም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ወርኃ ጽጌ ለልጆቻችሁ በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው፤ ማርያም ሕፃኗን ይዛ አገር ለቅቃ የተሰደደችበት መታሰቢያ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም መርየምን በክብር ያውቋታል። በዚህ ወር ልጅ አዝላ በደጃችሁ የምታልፍ የተቸገረች እናት ብታዩ፣ ለእሷ የምትሰጡትን ልጃችሁ በእጁ ይስጥ።

ኅዳር 12ንም አስረዷቸው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ገብቶ አገሩን ካረገፈ ወዲህ በዚያ ቀን ሰፈሩ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል። ልጆች እሳቱን ይወዱታል፤ ጠረጋውን ግን አናሠራቸውም። በዋዜማው መጥረጊያ ስጧቸውና ግቢውን አብራችሁ ጥረጉ፤ ያ በሽታ ምን እንደነበረ፣ ሰው ጎረቤቱን መቅበር እንዳቃተው፣ ንጽሕና ለምን እንደሚያስፈልግ እየጠረጋችሁ አውሯቸው። ላስቲክና ፕላስቲክ እሳቱ ውስጥ አይግባ። ጭሱ መርዝ ነው፤ የሚሳለው ደግሞ ያው ሕፃኑ ነው።

ማታው ከሁሉ ይበልጥብኛል። ጀምበር ጥልቅ ስትል ብርዱ ከሰነቴ ይወርዳል፤ ሁሉም ወደ ምድጃው ይጠጋል። አባት ሲያርም ውሎ ወገቡ ተቆርጧል፤ ወይም ከቢሮ ሐሳቡን ይዞ መጥቷል። «ለልጅ ከሳቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት» እያሉ ፊት ማጥቆርን አስተዳደግ ያደረጉ አባቶች አሉ። ይህችን ተረት አልቀበላትም። ልጅ አባቱ ሲስቅለት አይባልግም። የሚባልገው ዛሬ በሳቁለት ነገር ነገ ሲመቱት ነው፤ ድንበሩ የቱ እንደሆነ ስለሚጠፋው። ሳቁለት፤ ድንበሩን ግን በየቀኑ አታንቀሳቅሱት።

የልጅ ወሬ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ነውና ጥሬውን ሳትሰሙ ብስሉን አታገኙም። ስለ ጓደኛው እርሳስ፣ ስለ ጋሪው ፈረስ፣ መንገድ ላይ ስላየው ኩሬ አንድ ሰዓት ያወራችሁና መጨረሻ ላይ፣ ጋቢው ውስጥ ሊተኛ ሲል፣ «አንድ ትልቅ ልጅ ይመታኛል» ይላችኋል። ያችን አረፍተ ነገር ለመስማት ነው ሌላውን ሁሉ የምትሰሙት። ስልክ እያያችሁ «እሺ፣ እሺ» ካላችሁት እዚያ ሳይደርስ ይተኛል። ስልኩንም ለማረፍ ብላችሁ እጁ ላይ አታስቀምጡለት፤ «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም»። ተረት ንገሩት፤ ተረት ካለቀባችሁ የራሳችሁን ልጅነት ንገሩት፤ የትኛው ወንዝ ውስጥ እንደዋኛችሁ፣ የሻያ ወንዝ ሲሞላ ትምህርት ቤት እንዴት እንደቀራችሁ።

ወንድምና እህትን ደግሞ በዚያች ምድጃ ዙሪያ አታወዳድሩ። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ነው፤ አንዱ ፊደሉን በኅዳር ይጨርሳል፣ ሌላው በግንቦትም ይታገላል። እሳት ዳር በእህቱ ፊት «አንተ ብቻ» የተባለ ልጅ ያን ቃል አይረሳም።

ምድጃው ራሱ ግን ሌሊት ጠላት ነው። የተለኮሰ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ያወጣል። ፍም ሆኖ ጭሱ ስለ ጠፋ አይጎዳም የምትሉ ተሳስታችኋል፤ ፍሙም ያው ነው። ቤተሰብ ሞቆት ተኝቶ ጠዋት ሳይነሣ የቀረባቸውን ቤቶች ሰምተናል። ከሰሉን ውጭ ለኩሱ፤ ቤት ስታስገቡ መስኮቱን ገርበብ አድርጉ፤ ሳትተኙ ደግሞ ወደ ውጭ አውጡት። ለሌሊቱ ብርድ ቡሉኮ፣ ካልሲና የእናት ጎን ይበቃል።

እንግዲህ ታኅሣሥ እየመጣ ነው። ውርጩ ገብሱን ካልመታው፣ ዋግም ስንዴውን ካልያዘው፣ ሜዳው ይቀላል፤ ኮምባይነሩም ተራ እየያዘ ከማሳ ማሳ ይዞራል። ተራው ድንገት ይደርሳል፤ ያን ቀን አባት ጆንያ ይዞ ይሮጣል፣ እናት ለሠራተኛው ምግብ ትሠራለች፣ ልጁን የሚያይ ሰው ይጠፋል። ልጅ ደግሞ ከዚያ ማሽን የበለጠ የሚወደው ነገር የለም። ከኋላው ይሮጣል፣ ገለባው ውስጥ ይደበቃል፣ ቃርሚያ ለመልቀም ይጠጋል። ከላይ የተቀመጠው ሾፌር ቁመቱ ከስንዴው የማይበልጠውን ልጅ አያየውም።

ስለዚህ የማሳ ጎረቤቶች ከአሁኑ ተነጋገሩ። በአጨዳው ቀን ልጆቹ ሁሉ የማን ቤት እንደሚሰበሰቡ፣ ማን እንደሚጠብቃቸው፣ ምሳቸውን ማን እንደሚያበላ ወስኑ፤ በየተራ ይሁን፤ እናትም አባትም ተራ ይግቡ። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ከማሳው ሲወጣ፣ ያኔ ልቀቋቸውና ቃርሚያቸውን ይልቀሙ፤ የለቀሙትንም ለራሳቸው ፈጭታችሁ ጋግሩላቸው። ይህን ጉዳይ እስከ ታኅሣሥ አታቆዩት፤ በዚህ ሳምንት ቡና ስትጠራሩ አንሡት።